ለተክለወልድ የተለቀሰበት ቅዳሜ

ግሩም ከመኪናው ከመውረዱ በፊት በየቀኑ የሚያደርገው ነገር አለ። የኋላ ማያ መስታወቱን ወደ ራሱ ያዞርና የቀኝ ቅንድቡን ያነሣል፣ ያወርዳል። ቀጥሎ የግራውን ለማንሣት ይሞክራል። የግራው አይነሣም። በጠቋሚ ጣቱ ወደ ላይ ገፍቶ ለአፍታ ያቆየዋል፤ ጣቱን ሲያነሣ ቅንድቡም ይወርዳል። «እሺ፣ ነገ» ይለዋል፣ መስታወቱን ይመልሳል፣ ይወርዳል። መጋዘኑ በር ላይም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ የጥርስ ሐኪሙ ግቢም ያው ነው። አርባ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ቅንድቡ እስካሁን አልታዘዘለትም፤ እሱም እስካሁን አልተቆጣውም።

ቤቱ ስማይርና ነው፣ ሥራው ኮንየርስ። አትላንታን በየቀኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ያቋርጣታል። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ቀኑን ሙሉ የሚያነጋግረው ዕቃ ነው፤ «ና፣ ና፣ ቀስ፣ ጎበዝ» እያለ ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ከመደርደሪያ ያወርዳል። ሰው የሚያነጋግረው መኪናው ውስጥ ነው፣ ያውም የሌለ ሰው። አንዴ አማት፣ አንዴ ዲያቆን፣ አንዴ ትራፊክ ፖሊስ ይሆናል፤ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። በጎኑ የሚያልፉት ስልክ የሚያወራ ይመስላቸዋል። ባለቤቱ ልዕልት ግን ታውቃለች። አንድ ቀን ደውላ «ከማን ጋር ነህ?» ስትለው «ከአማቴ ጋር» አላት። «የትኛዋ?» ብላ ጠየቀች፣ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ነበርና።

እኔ ግሩምን የማውቀው በሥራ ነው። በአማርኛ የሚሠራቸውን ድራማዎች እዚህ ያደጉት ልጆችም እንዲከታተሏቸው፣ ከሥዕሉ ሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እሠራለሁ። የዚያን ቅዳሜ ታሪክ ከእሱ፣ ከልዕልትና ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ነው የሰበሰብኩት።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እሑድ ጠዋት በአንድ የኬብል ጣቢያ የሚተላለፍ የግማሽ ሰዓት የአማርኛ ፕሮግራም አለ። ዜና አለው፣ የጠበቆችና የቤት ሻጮች ማስታወቂያ አለው፣ የልደት መልካም ምኞት አለው። አዘጋጇ መነን ትባላለች፤ ፈገግ ስትል የማትታይ፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት። ግሩም ሄዶ «አሥር ደቂቃ ስጪኝ፣ አጫጭር አስቂኝ ድራማ ልሥራልሽ» አላት። ልዕልት እንደምትለው፣ አትላንታ በኖረበት አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለራሱ ብሎ ከሰው የለመነው ነገር ይኸው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። መነን ሰጠችው።

የመጀመሪያው ድራማ መንገድ ከሚመራው ስልኩ ጋር ስለሚጨቃጨቅ ሰው ነበር። የመኪናውን መስኮት ከፍተው ስለቀረጹት አሥሩም ደቂቃ ነፋስ ሆነ። ሁለተኛው የአንድ ማኅበር የቦርድ ስብሰባ ነው። አሥራ አንዱንም የቦርድ አባላት፣ ባርኔጣና መነጽር እየለዋወጠ፣ ራሱ ሠራቸው። በዚያ እሑድ ስልክ ጎረፈ። ደዋዮቹ በሙሉ የሚጠይቁት ስብሰባው የየትኛው ማኅበር እንደሆነና እነሱ ለምን እንዳልተጠሩ ነበር።

መነን ጠራችው።

«ሰው እኮ አልሳቀም ግሩም። ሰው ቅር ነው የተሰኘው።»

«አንድ ዕድል ስጪኝ።»

«ሦስተኛውን እስከሚቀጥለው ዓርብ አምጣ። እሱም ካላሳቀ አሥሩን ደቂቃ ለሌላ እሰጠዋለሁ። የዳቦ አጋገር የምታሳይ ሴት ተራ ይዛ ቁጭ ብላለች።»

«ዳቦ አይቶ የሚስቅ ሰው የለም።»

«ዳቦ አይቶ ቅር የሚሰኝም የለም» አለችው።

ወደ ቤቱ ሲነዳ የሌለ ሰው እንኳን አላነጋገረም። ልዕልት በዚያ ማታ እራት ሲበሉ ጨው ስጪኝ ከማለት በቀር ቃል እንዳልወጣው ታስታውሳለች። ጨዋታውን የሚያውቁት እሷና ፎርክሊፍቱ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ ነው የፈራችው።

ሦስተኛው ሐሳብ የመጣለት በማግስቱ፣ መንገድ ላይ ነው። ስለ መርዶ ይሆናል አለ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ደጁ ላይ ደርሶ ነው የሚያረዳው። አትላንታ ውስጥ ግን ሰውየው ጎሕ ሳይቀድ ሥራ ገብቷል። በግሩም ድራማ ውስጥ አርጂዎቹ ሰውየውን ከቤት መጋዘን፣ ከመጋዘን ነዳጅ ማደያ ይከተሉታል። እሱ ደግሞ ለኮሚቴ ሊመርጡት የመጡ መስሎት ይሸሻል።

ቀረጻው ቅዳሜ ማለዳ፣ ግሩም ቤት እንዲሆን ተወሰነ። ተዋናዮቹ ስድስት የመጋዘን ባልደረቦቹ ናቸው። ካሜራውን የያዘው ፊሊሞን ነው፤ እዚሁ ያደገ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ የሚቀርጽ። ልዕልት ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች የለችም። ስድስቱ ሰዎች ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ግሩም ደጅ ተሰለፉ። የሚጠብቁት ብርሃን ነው። ፊሊሞን ፀሐይዋ ትንሽ ከፍ እንድትል ፈልጎ «ቆይ፣ ጀስት ቆይ» ይላቸዋል።

ከመንገዱ ማዶ የወይዘሮ አረጋሽ ቤት ነው። ወይዘሮ አረጋሽ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ለብዙ ዓመት አረጋውያን ሲንከባከቡ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ፀሐይ ሳትበረታ አበባቸውን ውሃ ሊያጠጡ የጋራዣቸውን በር ከፈቱ። ማዶ ያለውን ሰልፍ አዩ። የውሃውን ጎማ ቀስ ብለው መሬት አኖሩት፣ በሩን መልሰው ዘጉና ስልክ አነሡ። ጋሽ ነጋ ጋ ነው የደወሉት፤ የዕድሩ ዳኛ ናቸው።

«ጋሽ ነጋ፣ ግሩም ቤት መርዶ መጥቷል።»

«ማን ሞተ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ! ሰዎቹ ገና ደጅ ናቸው።»

«በሉ መጣሁ» አሉ ጋሽ ነጋ። መጣሁ ሲሉ ዕድሩ መጣ ማለታቸው ነው።

ማዶ ማንም ይህን አያውቅም። የደጁ ትዕይንት ተቀርጾ አለቀና ወደ ሳሎን ገቡ። ቀጣዩ ትዕይንት አርጂዎቹ ሰውየውን ቤቱ አጥተውት ቁጭ ብለው ሲጠብቁት ነው። ግሩም ራሱ የአርጂዎቹን ሽማግሌ ሆኖ፣ ከዘራ ይዞ፣ ሶፋው መሐል ተቀምጧል። ካሜራው ማዕዘኑ ላይ በእግሩ ቆሟል፤ ፊሊሞን በጆሮው ማዳመጫ አድርጎ ከኋላው ነው። ልክ «ጀምር» ሲል በሩ ተከፈተና ወይዘሮ አረጋሽ ጥቁር ለብሰው፣ አንድ ድስት ሽሮ ታቅፈው፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ገቡ።

ግሩም ገረመው። ልዕልት ለምናልኝ ነው አለ በልቡ። ወይዘሮ አረጋሽ ይህን ያህል ይችላሉ ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ከእሳቸው ኋላ ሁለት ሴቶች ገቡ። ከዚያ አራት። ከዚያ ውሃ በካርቶን የተሸከመ ሰው። ግሩም ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሚስቱ ይህን ሁሉ ሕዝብ እሱን ሳታማክር ጠርታለታለች! ፊሊሞን በበኩሉ ሰዎቹን የጠራ ግሩም መሰለው። ሲያልፍ በጆሮው «ብሮ፣ ኤክስትራዎቹ ኢንሴን ናቸው!» አለው፤ አጃቢ ተዋናዮቹ ጉድ ናቸው ማለቱ ነው።

ካሜራውን አይቶ የተደናገጠ እንግዳ የለም። ለቅሶ መቅረጽ እዚህ የተለመደ ነው፤ አገር ቤት ላለው ቤተሰብ ይላካል። እንዲያውም አንዷ ካሜራውን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ ድምጿን ከፍ አደረገች።

ግሩም ሥራው ሥራ ነውና ከሶፋው ተነሥቶ ጥግ ላይ ወደምታለቅስ አንዲት እናት ጠጋ አለ።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቀና ቢሉልኝ፤ ብርሃኑ ፊትዎ ላይ አልወደቀም።»

እማማ ትኩር ብለው አዩት። ኀዘኑ አእምሮውን ነክቶታል ብለው ደነገጡ። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አይዞህ፣ ብርሃኑስ ይመጣል» ብለው አንገቱን አቅፈው አብዝተው አለቀሱ። ግሩም በእማማ ብብት ውስጥ ሆኖ ለፊሊሞን በእጁ «ቅረጽ፣ ቅረጽ» ይላል።

ነገሩ ለግሩም የገባው ጋሽ ነጋ ሲመጡ ነው። ጋሽ ነጋ የመጡት ብቻቸውን አይደለም፤ ሁለት ሰዎች የዕድሩን ታጣፊ ወንበሮች ተሸክመው ተከትለዋቸዋል። ጋሽ ነጋ እነዚያን ወንበሮች ለገዛ ልጃቸው የምርቃት ድግስ እንኳን አላበደሩም። ለድራማ አያመጧቸውም። ግሩም ወንበሮቹ ሲዘረጉ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ሰማ።

አሁን እናገራለሁ አለ። ማንም ቢሆን «ማን ነው የሞተው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ወዲያው እነግራለሁ አለ። ችግሩ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ገብተህ ታለቅሳለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ቀስ እያለ ከሰው ወሬ ትደርስበታለህ። እዚያ ቤት ግን የሚደረስበት ወሬ የለም። ሁሉም ጎረቤቱ የሚያውቅ መስሎታል። ሃያ ሰባት ሰው፣ ማን እንደሞተ ሳያውቅ፣ ለመጠየቅ አፍሮ፣ ከልቡ እያለቀሰ ተቀምጧል። ግሩም ይህን ያስተዋለ ጊዜ ከፍርሃቱ ሥር አንድ ሌላ ነገር ተላወሰበት። በሕይወቱ እንዲህ የሚያስቅ ነገር አይቶ አያውቅም። ካሜራው ላይ ቀይዋ መብራት በርታለች። ፊሊሞን አውራ ጣቱን አነሣለት። ዓርብ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ጋሽ ነጋ ወደ ጆሮው ዘንበል አሉ። ለዕድሩ አባላት መልእክት መላክ አለባቸው፤ ስለዚህ እሳቸው የመጠየቅ መብት አላቸው።

«የሟችን ስም ማን ልበል?»

እውነቱን የሚናገርበት ሰዓት ይኸ ነበር። ግሩም አፉን ከፈተ።

«ተክለወልድ» አለ።

«ምንህ ነው?»

«የ... የአጎቴ ልጅ።»

ጋሽ ነጋ ራሳቸውን ነቀነቁና ለቤቱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ነፍስ ይማር፣ ተክለወልድን!» አሉ። ቤቱ እፎይ አለ። በመጨረሻ የሚያለቅሱለት ሰው ስም ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግሩም አልጻፈውም፣ አላዘጋጀውም።

«ተክሌ!» አለች አንዷ ደረቷን እየመታች። «ያ ደግ ሰው!»

«ረጅም፣ ቀይ አልነበረም?» አለ ውሃ የተሸከመው ሰውዬ።

«ጠይም ነው» አለ ግሩም ሳያስበው።

«አዎ፣ ጠይም። ፀሐይ ላይ ነው ቀይ የሚመስለው። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ በገዛ መኪናው ያለማመደኝ እሱ ነው።»

«ጨዋታው!» አለች ሌላዋ። «ጨዋታው አይረሳም።»

«ትንሽ ቁጡ ነበር እንጂ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ቢቆጣም ቶሎ ይበርድለታል!» ብለው አራት ሰዎች ባንድ ላይ ተከላከሉለት።

ጋሽ ነጋም አልቀሩ። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ይህን ዕድር ስንመሠርት ተክለወልድ አብሮን ነበር» አሉ። «ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። እንዲያ ያለ ሰው ነበር።»

ከመጋዘን የመጡት ስድስቱ ተዋናዮች፣ ነገሩ ያልገባቸው፣ እርስ በርስ እየተያዩ ነው። አንደኛው ምናልባት እኔም አውቀው ይሆናል ብሎ ማሰብ ጀምሮ እንደነበር በኋላ ነግሮኛል።

ወይዘሮ አረጋሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ።

«ቀልድ ጀምሮ ጨርሶ አያውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «መሐሉ ላይ ሲደርስ ሳቁ ይመጣበታል። አንድም ቀን መጨረሻውን አልነገረኝም። ሲስቅ እኔም እስቃለሁ፤ በምን እንደሳቅን አላውቅም። እሑድ እሑድ ይደውልልኛል። 'ምን ልትነግረኝ ነው?' ስለው 'ምንም፣ ድምፅሽን ነው' ይለኛል። አሁን እነዚያን ቀልዶች ሁሉ መጨረሻቸውን ማንን ልጠይቅ?»

ወይዘሮ አረጋሽ ስለማን እንደተናገሩ እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ሰው የለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልዕልት ሆስፒታል ናት። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ የዕድሩን መልእክት አይታ መጥታ ታቅፋታለች፣ «እግዜር ያጥናሽ» ትላታለች። ልዕልት ወዲያው ለግሩም ደወለች። ስልኩ ሶፋው ላይ ነዘረ።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ካልሞትክ ማን ነው የሞተው?»

«ተክለወልድ።»

«ተክለወልድ ማን ነው?»

«በኋላ» አለና ዘጋው። ልዕልት ከባልደረባዋ ስልክ ላይ «የአጎቱ ልጅ» የሚለውን መልእክት አንብባ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መኪናዋን አስነሣች። ቤቷ ስትደርስ ደጇ ላይ ያለው የመኪና ብዛት ለሠርጓም አልቆመም ነበር። በሩን ከፍታ ገባች። ሰው ሁሉ ሊያቅፋት ተነሣ። እሷ ግን የቤቱ እመቤት ናት፤ የገዛ ቤቷ ነው። መሐል ቆማ ጮክ ብላ ጠየቀች፦

«ግሩም፣ እኔ የማላውቀው የአጎትህ ልጅ ማን ነው?»

ግሩም ከዘራውን መሬት አኖረ። «ማንም አልሞተም» አለ። «ድራማ እየሠራን ነበር። እናንተ መጣችሁ። ከዚያ... መናገር አቃተኝ።»

ፊሊሞን የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። «ዌይት፣ እነዚህ ኤክስትራ አይደሉም?»

«እና ተክለወልድ?» አሉ ጋሽ ነጋ።

«የለም።»

«ሞቷል ማለትህ ነው?»

«አልነበረም ማለቴ ነው ጋሽ ነጋ።»

«ዕድሩን ስንመሠርት እኮ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ተክለወልድን የሚያውቁት ሁሉ ምንጣፉን ማየት ጀመሩ። መንጃ ፈቃዱን በተክሌ መኪና ያወጣው ሰውዬ የውሃ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን በጥሞና ማንበብ ያዘ።

በመጨረሻ ወይዘሮ አረጋሽ ናቸው የተነፈሱት። «እሰይ!» አሉ። «እንኳን ተረፈ!»

ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ግሩምን በብብታቸው ይዘው ያለቀሱትን እያስታወሱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሽሮው ተሞቀ፣ እንጀራ ተዘረጋ፣ ሰው በላ። ጋሽ ነጋ ብቻ አልሳቁም፤ ስልካቸውን ይዘው ለሁለት መቶ ቤተሰብ ምን ብለው እንደሚጽፉ ያስባሉ። የጻፉት ይኸው ነው፦ «ዛሬ ጠዋት ማረፋቸውን የገለጽንላችሁ አቶ ተክለወልድ አለመሞታቸውን በደስታ እናስታውቃለን።» መልሱ ወዲያው ጎረፈ። «ተመስገን!» «ከሆስፒታል ወጡ ወይ?» «መቼ እንጠይቃቸው?»

ከዚያ ጋሽ ነጋ ፈረዱ። ግሩም ለሦስት ወር፣ የዕድሩን ወንበሮች በየለቅሶው ተሸክሞ ያደርሳል፣ ተሸክሞ ይመልሳል።

«ሌላው ፊልሙ ነው» አሉ። «ይህ ሁሉ ሰው ሲዋሽ ካሜራህ አይቷል። እንዳይወጣ።»

«አይወጣም ጋሽ ነጋ።»

«ማልልኝ። በተክለወልድ ደግሞ እንዳትምል።»

ማለ። ግን ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ኮንየርስ፣ የመጋዘኑ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ። ማየት ብቻ ነው አለ። ማክሰኞ መቁረጥ ጀመረ። የሦስት ሰዓቱን ቀረጻ አርባ ደቂቃ አደረገው፣ ከዚያ ሃያ። ረቡዕ አሥር ደቂቃ ሆኖለት ነበር። ፊታቸውን አደብዝዤ ባወጣውስ እያለ ከራሱ ጋር ይከራከራል፤ በድምፃቸው እንደሚታወቁ ያውቃል። ለመነን ደውሎ «አለኝ» አላት። «ምን አለህ?» ስትለው «እስካሁን አትላንታ ውስጥ እንዲህ ያለ አልተሠራም» አላት።

ሐሙስ ግን ላፕቶፑን ዘግቶ ጋሽ ነጋ ቤት ሄደ። ያችኑ ቅዳሜ እንደገና እንሥራት አላቸው፣ ሁሉም ሰው ፈቅዶ፣ ራሱን ሆኖ።

«ዕድር እንጂ ቲያትር ቤት አይደለንም» አሉ ጋሽ ነጋ። በሩን ሊዘጉ ሲሉ መልሰው ከፈቱት። «እኔ የምናገረው መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ መጨረሻ?»

በዚያው ቀን ከሥራ መልስ ሰው ሁሉ መጣ። ቅዳሜ ዕለት እንዲያ ያስለቀሱት ሰዎች ራሳቸውን መሆን አቃታቸው። ጋሽ ነጋ አዲስ ከረቫት አስረው፣ የሚናገሩትን በወረቀት ጽፈው፣ ካሜራውን ትክ ብለው እያዩ አነበቡ። አንዷ ለለቅሶው ከንፈሯን ቀይ ተቀብታ መጣች። ውሃ የተሸከመው ሰውዬ ካርቶኑ ባዶ መሆኑን ረስቶ በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎት ገባ። ወይዘሮ አረጋሽ ተራቸው በደረሰ ቁጥር ሳቃቸው እየመጣ ሰባት ጊዜ ተደገመላቸው፤ ስለ ቀልዱ የተናገሩትን ማንም እንዲደግሙት አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም አላነሡትም። ፊሊሞን ጭንቅላቱን ይዞ «ላይክ፣ ቅዳሜ ኦስካር ነበሩ እኮ! ምን ነካቸው?» ይላል።

ዓርብ ዕለት መነን ብቻዋን አየችው። ሲያልቅ እንደገና አስጀመረችውና ጋሽ ነጋ ወረቀቱን የሚገለብጡበት ቦታ ላይ ስትደርስ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «ዳቦዋን ሴትዮ ልደውልላት» አለች፣ «ሌላ ሰዓት እፈልግላታለሁ።»

እሑድ ታየ። ሰው የሳቀው በጥሩ አተዋወናቸው አልነበረም። ሁሉም ስሙን ሳያውቅ ያለቀሰለት አንድ ተክለወልድ አለው። አሁን ድራማው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በየመንገዱ ሰው ግሩምን እያስቆመ «የተክሌ ሙት ዓመት መቼ ነው?» ይለዋል። ጋሽ ነጋም በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ግሩም እጁ ላይ የተሻለ ፊልም እያለው ለሽማግሌ የገባውን ቃል የጠበቀ ልጅ ነው ብለው አመሰገኑት። ተጨበጨበለት።

ይህን እንደምጽፍ ስነግረው ግሩም ሁሉንም ጻፊ አለኝ። ቃሌን ላፈርስ አንድ ሐሙስ ብቻ ቀርቶኝ እንደነበርም ጻፊ፣ እሱ ያስቃል አለኝ። አንድ ነገር ብቻ እንድተው ለመነኝ፤ ያንን ግን መተው አልቻልኩም።

በዚያ ሳምንት ረቡዕ ቆርጦ ያወጣውን አሥር ደቂቃ ልኮልኝ ነበር፣ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እንድሠራለት። መልሼ ስልክለት ወይዘሮ አረጋሽ የሚናገሩበት ቦታ ላይ ጽሑፉን ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ አለኝ። አደረግኩ። ትንሽ ወደ ግራ አለ። አደረግኩ። ፊደሉን ታሳድጊው ይሆን አለ። ጽሑፉ ግማሹን ሥዕል ሲሸፍነው፣ የሚሸፈነው ምን እንደሆነ ለማየት ጽሑፉን አንሥቼ ተመለከትኩት። ከወይዘሮ አረጋሽ ትከሻ አጠገብ፣ ሶፋው መሐል፣ ከዘራ የያዘው ሽማግሌ አለ። አፉን ከፍቶ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ትከሻው እየተርገበገበ ያለቅሳል። ትወና አይደለም፤ ግሩም ሲተውን አውቀዋለሁ፣ እንዲህ አያስጠላም። ወይዘሮ አረጋሽን ሳይቆርጥ እሱን መቁረጥ አይቻልም ነበር፤ ሞክሯል።

ደወልኩለት። «ግሩም፣ ለማን ነው ያለቀስከው?» አልኩት።

«ለተክለወልድ ነዋ።»

«አንተ እኮ ነህ የፈጠርከው። ገና ግማሽ ሰዓት እንኳን አልሞላውም ነበር።»

ስልኩ ውስጥ ፎርክሊፍት ከሩቅ ይጮሃል።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለኝ። «ከእኔ ሌላ ዘመድ የለውም።»